የተዘጋ በር፣ የተከፈተ በር፦ ያለፈው ምዕተ ዓመት የአሜሪካ ታሪክ መታጠፊያዎች



በቅድሚያ፣ በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልኩ በስተቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን ላሳስብ።

ተማሪዎቼ ስለ ዘመናዊቷ አሜሪካ ታሪክ መታጠፊያዎች ሲጠየቁ በፈተና ወረቀታቸው ላይ የሚያሰፍሩት ዝርዝር ከዓመት ዓመት ብዙም አይለያይም፤ የ1929 የኢኮኖሚ ውድቀት፣ የ1941 የፐርል ሐርበር ጥቃት፣ የ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ፣ በእኛ አዲስ ዓመት ዕለት የደረሰው የ2001 ጥቃት። ዝርዝሩ ስሕተት የለበትም። ይሁንና የሚመዘግበው በተፈጸመበት ቀን ሁሉም የሰማውን ነው። ዛሬ ልናገርበት የፈለግሁት ግን በተፈጸመበት ቀን ታላቅነቱ ስላልታወቀ መታጠፊያ ነው። ለዚህም ሁለት ሕጎችን እመርጣለሁ፤ አንዱ በ1924 በር የዘጋ፣ ሌላው በ1965 የከፈተ።

ከ1924 እንነሣ። ከዚያ በፊት በነበሩት አራት ዐሥርት ዓመታት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጣልያናውያን፣ ፖላንዳውያን፣ ግሪኮችና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ወደ አሜሪካ ገብተዋል። በ1910 ቆጠራ ከሕዝቡ 14.7 በመቶው በውጭ አገር የተወለደ ነበር። ይህን የፈሩ ወገኖች ዩጀኒክስ በተባለው፣ ሰውን በዘር ደረጃ በሚመድበው ሐሳዊ ሳይንስ ተደግፈው ኮታ አስወሰኑ። ሕጉ የእያንዳንዱን አገር ድርሻ ያሰላው በ1890 ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ ነው። ለምን በ1890? ከጣልያንና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣው ብዙኃኑ ሕዝብ የገባው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ነው። ውጤቱ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው፤ ለጀርመን በዓመት 51,227፣ ለጣልያን 3,845፣ ለኢትዮጵያ ደግሞ ዝቅተኛው ወለል የሆነው 100። የእስያ ሕዝቦች አብዛኞቹ ጭራሽ ተከለከሉ።

ይህ ሕግ በኋላ የመጡትን ታላላቅ ክስተቶች ሁሉ ቅርጽ ሰጥቷቸዋል። በ1933 ከአራት አሜሪካውያን ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አጥ በነበረበት ወቅት፣ ሩዝቬልት መንግሥት ለዜጋው ኑሮ ኃላፊነት አለበት የሚለውን መርሕ ሲተክሉ፣ በሩ እንደተዘጋ ነበር። በ1939 ከ900 በላይ ስደተኞችን፣ አብዛኞቹ አይሁድ የነበሩትን፣ የያዘችው ሴንት ሉዊስ የተባለችው መርከብ ከኩባ ተመልሳ እስከ ፍሎሪዳ ዳርቻ ደረሰች። የጀርመን ኮታ በወረፋ ጠባቂ ተሞልቶ ስለነበር ተሳፋሪዎቹ እንዲወርዱ አልተፈቀደላቸውም። ወደ አውሮፓ ተመለሱ፤ ከእነርሱም 254ቱ በናዚዎች ዘመን አለቁ። የኮታ ሕግ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

በሩ እንዴት ተከፈተ? ብቻውን አልተከፈተም። አሜሪካ በናዚ ዘረኝነት ላይ የተዋጋችው ጥቁሮችንና ነጮችን በለየ ሠራዊት ነበር፤ ይህን ቅራኔ ከጦርነቱ የተመለሱት ጥቁር ወታደሮች ሊረሱት አልቻሉም። ትሩማን በ1948 ሠራዊቱ እንዲቀላቀል አዘዙ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 በትምህርት ቤት የዘር ልዩነት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ፤ ከሞንትጎመሪ እስከ ሰልማ የተዘረጋው ትግል የ1964ቱንና የ1965ቱን የመብት ሕጎች አስገኘ። ዜጎች በቆዳቸው ቀለም መለየታቸው በሕግ ከተወገዘ፣ ለመግባት የሚያመለክተውን ሰው በትውልድ አገሩ መመዘን እንዴት ይቀጥላል? የቀዝቃዛው ጦርነት ፉክክርም ጥያቄውን አጠነከረው፤ አዲስ ነፃ የወጡት የአፍሪካና የእስያ አገሮች ይመለከቱ ነበርና።

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የኮታውን ሥርዓት የሻረውን ሕግ ኦክቶበር 3 ቀን 1965 በነፃነት ሐውልት ሥር ፈረሙ። በንግግራቸውም ሕጉ አብዮታዊ እንዳልሆነ፣ የሚሊዮኖችን ሕይወት እንደማይነካ ተናገሩ። እየዋሹ አልነበረም። በምክር ቤቱ ለቤተሰብ ቅድሚያ እንዲሰጥ የገፉት አንዳንድ አባላት፣ በአገሩ ያሉት አብዛኞቹ አውሮፓውያን ስለሆኑ የሚያስመጧቸውም ዘመዶች አውሮፓውያን ይሆናሉ ብለው አስልተው ነበር። ስሌቱ ከሸፈ። አውሮፓ በልጽጋ ልጆቿ መሰደዱን ቀነሱ፤ በቤተሰብ በኩል የተከፈተውን መንገድ የተጠቀሙበት በተለይ እስያውያንና የላቲን አሜሪካ ሕዝቦች ሆኑ። በ1970 ወደ 4.7 በመቶ ወርዶ የነበረው የውጭ ተወላጆች ድርሻ በ2010 ወደ 12.9 በመቶ ተመለሰ።

ሕጉን ማወደስ ብቻ ግን ታሪክ አይሆንም። ያው ሕግ በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ አገሮች ላይ ከዚያ በፊት ያልነበረ የ120,000 ጣሪያ ጣለ። የሜክሲኮ ሠራተኞች በውል ይገቡበት የነበረው ፕሮግራምም በ1964 አብቅቶ ነበር። እርሻዎቹ ሠራተኛ መፈለጋቸውን፣ ሠራተኞቹም መምጣታቸውን አላቆሙም፤ የተለወጠው ስማቸው ነው። ትናንት ወቅታዊ ሠራተኛ የነበረው ዛሬ ሕገ ወጥ ተባለ። የዛሬው የድንበር ክርክር ሥሩ ከፊሉ በዚህ ላይ ነው።

የእኛም ታሪክ እዚህ ይገናኛል። የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከአብዮቱ በኋላ በሱዳን በኩል የወጡ በርካታ ወገኖቻችንን አሳረፈ፤ የ1990ው ሕግ ደግሞ ሁላችንም ዲቪ የምንለውን ዕጣ ፈጠረ። ማመልከቻው በፖስታ በሚላክበት ዘመን እኔና ታላቅ ወንድሜ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ስማችንንና አድራሻችንን ጽፈን በአንድ ቀን ላክን። ለእርሱ ደረሰው፤ ለእኔ አልደረሰኝም። እናታችን ስታርፍ ለቅሶውን በስልክ ተቀመጠ። ልጆቹ ዛሬ በአሜሪካ ምርጫ ድምፅ ይሰጣሉ፤ እኔ እዚህ ቆሜ የዚያችን አገር ታሪክ አስተምራለሁ። ይህን ልዩነት የወሰነው ዕጣ ነው፤ ዕጣው እንዲኖር ያደረገው ግን ሕግ ነው።

አንድ ባልደረባዬ፣ ጦርነትንና የኢኮኖሚ ውድቀትን ከስደተኞች ሕግ ጋር ማወዳደር ይቻላልን? ሲል ሞግቶኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ይህ ነው፦ ጦርነትና ውድቀት አንድ ሕዝብ ምን እንደሚያደርግ ይፈትናሉ፤ የመግቢያ ሕግ ግን ያ ሕዝብ ማን እንደሚሆን ይወስናል። ክርክሩም አልተዘጋም። በ2017 የሰባት አገሮች ዜጎች እንዳይገቡ የሚያግድ ትእዛዝ ወጣ፤ ጎረቤቶቻችን ሱዳንና ሶማሊያ በዝርዝሩ ነበሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም የተሻሻለውን እትም በ2018 አጸደቀው። ትውልድ አገር ዳግም መመዘኛ ሆኖ ቀረበ ማለት ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ ንግግር አንድ የአሠራር ልማድ ይዛችሁ ብትሄዱ ደስ ይለኛል። የፈራሚው ሰው በዕለቱ የተናገረውን አንብቡ፤ ነገር ግን በዚያ አትቁሙ። ሕጉ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በማን ቤት እንደደረሰ ጠይቁ። ምናልባት በራሳችሁ ቤት ሊሆን ይችላል።