ልጅ መቼ ይጠይቅ?

የቤተ ክህነት ትምህርት ሕፃኑን ከፊደል ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ሲያሸጋግረው የሚሻው ጆሮውንና አንደበቱን እንጂ ጥያቄውን አልነበረም። የግእዙ ትርጉም ሳይገባው ይደግማል፤ ቢስት ይቀጣል።

ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ሥርዓቱ ይገለበጣል። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው፤ ወርቁን በሰም ሰውሮ አዲስ መቍጠር ግዴታው ይሆናል፤ መምህሩም ስሕተቱን ያቃኑለታል። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁ የዚሁ ቤት ፍሬ ናቸው።

እንግዲህ ጉድለቱ በሃይማኖቱ ሳይሆን በቅደም ተከተሉ ነበር፤ ማሰብ ለላይኛው ደረጃ ስለ ተቀመጠ፣ ብዙዎች ሳይደርሱበት ከዳዊት ተመልሰዋል። ዛሬ ማስታወሻ እያስገለበጥን «ስታድግ ትጠይቃለህ» የምንል መምህራንም የንባብ ቤቱን ወርሰን የቅኔ ቤቱን ትተናል።