የጭሰኛ ልጅና የርስተኛ ልጅ

እ.ኤ.አ. የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት በምዕራቡ ወዛደር ቤት ያደረሰውን መከራ በሕፃን ዓይን የተረኩ ፊልሞች ጥቂት አይደሉም። ስቲቨን ፍሪርስ እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረበው «ሊያም» ከነዚሁ አንዱ ነው፤ በሊቨርፑል የመርከብ መሥሪያው ይዘጋል፣ አባት ሥራ ፈት ይሆናል፣ ቤተሰቡ ሲናጋ ትንሹ ልጅ ያያል። ፋብሪካ ባልተስፋፋበት የኢትዮጵያ ገጠር ግን የልጅን ዕጣ ይወስን የነበረው የአባት ደመወዝ ሳይሆን መሬት ነበር። ይህንን አጉልቶ ካሳዩት የአገራችን ፊልሞች በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው።

ጎንደር ተወልዶ በካሊፎርኒያ የፊልም ጥበብ ይማር የነበረው ኃይሌ ሥራውን የቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1974፣ የዘውዱ ሥርዓት በሚፈራርስበት ወቅት፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ፊልሙ በጥቁርና ነጭ የተሠራ ሲሆን ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ባለመሬቱ ከደጁ ተቀምጦ ያዛል፣ ይሳደባል፤ የጭሰኛው ቤተሰብ ከንጋት እስከ ምሽት ይለፋል፤ ልጅቱ ከብት ትጠብቃለች። በአንድ የሕልም ትዕይንት ሰዎች እንደ በሬ ተጠምደው ያርሳሉ። በኋላም ልጅቱ የጌታውን ላም ከደራሽ ውኃ አድናለሁ ስትል ሕይወቷን ታጣለች። በፊልሙ ዝግታ የሚሰለች ተመልካች ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን እረኛ ቀኑን የሚለካው በፀሐይ ነው፤ ካሜራውም የሚጓዘው በዚያው ልክ ነው።

ይኸው ፊልም በቢቸና ወይም በሞጣ ለነበረ ገበሬ ቢታይ፣ እረኝነቱን፣ ብርዱንና ሞፈር ቀንበሩን ወዲያው ባወቀው ነበር። ባለመሬቱን ግን በዚያ መልኩ አያውቀውም። ምሥራቅ ጎጃም የርስት አገር ነበረና። ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ትውልድ ቆጥሮ ከአቅኚው አባት ከደረሰ፣ ሴትም ብትሆን፣ ድርሻ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ለዚያ አገር ልጅ የአያት የቅድመ አያት ስም ማጥናት ጨዋታ አልነበረም፤ የመሬት ማስረጃ ነበር። እርግጥ ነው፣ ሁሉም እኩል አልነበረም፤ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሙስሊሙ በአብዛኛው ከርስት የተገለሉ ነበሩ፤ ርስተኛውም ቢሆን ለጉልተኛ ይገብር ነበር። ቢሆንም የፊልሙ ርእስ የአገሪቱን ገበሬ ሁሉ በአንድ ዕጣ ማጠቃለሉ የታሪክ አንባቢን ቆም ሊያሰኝ ይገባል።

የሁለቱ ልጆች ዕጣ የሚገናኘው በ1960 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ኅዳር የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ግብሩ የሚጣለው በምርቱ መጠን ስለነበር የገበሬው ምርት መገመት ነበረበት። ገማቾች ሲላኩ የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ እምቢ አለ። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ነገሩን በኃይል ለመጨረስ ሞከሩ፤ ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላንም መንደር ደበደበ።

ይህን አመፅ የስስት ወይም የኋላ ቀርነት ውጤት አድርጎ ማየት ቀላል ነው፤ ግን ስሕተት ነው። በደቡብ ቀላድ ከተጣለ በኋላ ባለአገሩ በገዛ መሬቱ ላይ ጭሰኛ ሆኖ መቅረቱ ለጎጃም ገበሬ ሩቅ ወሬ አልነበረም። ዛሬ ምርት የሚገምት ነገ ማሳ ይለካል፤ ማሳ ከተለካም ርስት ይሄዳል፤ ሥጋቱ ይኸው ነበር። በዚህ መሐል የገዛ ጥቅማቸውን ያስከበሩ የአካባቢ ባላባቶች መኖራቸው አይካድም። ብዙኃኑ ገበሬ ግን ጠመንጃውን ያነሣው ልጁ የሰው ከብት ጠባቂ እንዳይሆን ነው፤ ኃይሌ ከስድስት ዓመት በኋላ በፊልም የቀረጸው ያንን የተፈራውን ኑሮ ነው። በመጨረሻም ገዥው ከጎጃም ተነሡ፤ የተጠራቀመው ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ።

ፊልሙ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976፣ ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ነው። በዚህም ምክንያት ለዕይታ ሲበቃ በውስጡ የሚታየው ባለመሬት በሕግ ተሽሮ ነበር። አዋጁ ለጭሰኛው የሚያርሰውን መሬት ሰጠው። በርስት አገርም ገበሬው በእጁ ያለውን ማሳ እያረሰ እንዲቀጥል ፈቀደ፤ ትውልድ ቆጥሮ ሌላ ድርሻ መጠየቅ ግን ከዚያ ወዲህ ቀረ። የቢቸና ልጅ የአያቶቹን ስም ቢያጠናም በዳኛ ፊት የሚያስገኝለት መሬት አልነበረም።