ነጋድራስነት፤ ከሲራራው እስከ ሚኒስትርነት

ነጋድራስ ማለት እንደ ቃሉ የነጋዴዎች ራስ ነው። ትርጓሜው አጭር ይሁን እንጂ ሥራው በአንድ ቃል የሚጠቃለል አልነበረም። ቀድሞ ነጋድራሱ የሲራራው መሪ ነበር፤ አሞሌ፥ ዝባድ፥ ቡናና የዝሆን ጥርስ የተጫነበት ጓዝ ከኬላ ሲደርስ ከበረኛው ጋር ስለ ቀረጡ የሚከራከር፥ ነጋዴዎችም በተጣሉ ጊዜ የሚያስታርቅና የሚፈርድ እርሱ ነበር። ኋላ መንግሥት ሹመቱን ወደ ራሱ ሲያቀርበው የቀረጥ ተከራካሪው ቀረጥ ሰብሳቢ ሆነ፤ ዳኝነቱ ግን ከእጁ አልወጣም።

የዚህ ለውጥ ጉልህ ምሳሌ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ናቸው። የአዲስ አበባን ገበያ፥ ጉምሩክና የነጋዴ ችሎት ባንድነት ይዘው ሳለ፥ በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ተጨመረላቸው። ሁለቱ ለአንድ ሰው መሰጠታቸው ለዛሬ አንባቢ እንግዳ ቢመስልም፥ በከተማው ከነበሩት የውጭ አገር ሰዎች ብዙዎቹ ነጋዴዎች ነበሩና ምክንያት የጐደለው አይደለም።

በዚያው ዓመት በጥር ወር ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው ውል የዕቃውን ቀረጥ ከመቶ 10፥ የወይን ጠጅንና የመሰሉትን መጠጦች ከመቶ 8 አድርጎ ወሰነ። ከዚህ ይልቅ ክብደት ያለው የዳኝነቱ አንቀጽ ነው። ፈረንሳዊና ኢትዮጵያዊ ሲካሰሱ ኢትዮጵያዊው ዳኛ ከቆንሲሉ ጋር ሆኖ እንዲያይ፥ ተከሳሹ ኢትዮጵያዊ ከሆነ በአገሩ ሕግ፥ ፈረንሳዊ ከሆነ በፈረንሳይ ሕግ እንዲፈረድ ተደነገገ፤ ባይስማሙ ነገሩ ለንጉሠ ነገሥቱ ይቀርባል። በእኔ ግምት ነጋድራስነትን የተፈታተነው የሥራው መብዛት ሳይሆን ይህ አንቀጽ ነው። ግራ ቀኙን በልማድ አስማምቶ ለመሸኘት የኖረ ዳኛ፥ ከእንግዲህ የራሱን ሕግ መጽሐፍ ይዞ ከቀረበ ቆንሲል ጋር አብሮ መቀመጥ ነበረበት።