ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፤ ስለ ሕግና ስለ ግምጃ ቤት

የአድዋው ተወላጅ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስማቸው ዘወትር የሚነሣው ከኢኮኖሚ ትምህርት ጋራ ነው። የሕግና የአስተዳደር ሰው መሆናቸው ግን በሚገባ አልተወሳም፤ ይህ ጽሑፍም የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ነው።

የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። የዐፄ ዮሐንስ አገልጋይ የነበሩት አባታቸው በ1889 መተማ ላይ ወደቁ። ልጁም ምፅዋ አጠገብ፣ ምንኩሉ ወደነበረው የስዊድን ሚሲዮን ተጠጉ። መርከብ ሊጎበኙ ገብተው በዚያው ባሕር እንደ ተሻገሩ ይተረካል። ነገሩ ተረት ይምሰል እንጂ በኦስትሪያ ኖረው፣ በጀርመን አገር ሕክምና ተምረው መመለሳቸው የታወቀ ነው። ከዚያም በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አገለገሉ፤ ወደ ሱዳንም ተሰደዱ።

«አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው ድርሰታቸው በ1912 አሥመራ ላይ «ብርሃን ይሁን» በተባለው መድበል ታተመ። በዚህ ጽሑፍ የንጉሡ ሀብት ከመንግሥት ሀብት እንዲለይ፣ ግብር በገንዘብ ተተምኖ እንዲታወቅ፣ ሕግም ተጽፎ እንዲደነገግ ይጠይቃሉ። ሦስቱ ጥያቄዎች በመሠረቱ አንድ ናቸው። በዚያ ዘመን ሹሙ መተዳደሪያውን የሚያገኘው ከገበሬው እጅ ነበር፤ ወታደሩም በገበሬው ቤት ይሰፍር ነበር። የሚከፍለውን ልክ አስቀድሞ ያላወቀ ገበሬ ደግሞ ትርፍ ለማምረት የሚተጋበት ምክንያት የለውም። እንግዲህ የተጻፈ ሕግ ለዳኛው ብቻ ሳይሆን ለአራሹም መሣሪያ ነው ማለት ነው። ደራሲው ጃፓንን በምሳሌነት የሚያነሡትም ስለ መድፏ ሳይሆን ስለ ትምህርቷና ስለ ሥርዓቷ ነው።

የትግራይ ጎልማሶች በየአገሩ ተበትነው የትውልድ ምድራቸው ዳዋ መልበሱንም በምሬት ይገልጻሉ። በእኔ አስተያየት ከድርሰቱ ሁሉ የበረታው ክፍል ይህ ነው፤ ንጉሥ ሕዝቡን በእኩል ዓይን ማየት እንዳለበት ያለ ይሉኝታ ይናገራልና።

በኋላ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ተሾሙ። ከተማዪቱ በባቡር ለሚገባውና ለሚወጣው ንግድ ዋና በር ስለ ነበረች፣ የጻፉትን በሥራ የሚፈትኑበት ስፍራ አገኙ። ዕድሜያቸው ግን አጠረ፤ በ1919 ገና በጎልማሳነታቸው ዐረፉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተሰኘው ዋና መጽሐፋቸው አዲስ አበባ ላይ የታተመው በ1924 ነው። የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወጣው ደግሞ በ1930፣ እሳቸው ካረፉ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነበር።