ዘሩ መጣ፣ ማጀቱ ቀረ

ሜክሲኮዎች ቺላኪሌስ የሚሉት ቁርስ አላቸው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ትናንት ተጋግሮ አድሮ የደረቀ የበቆሎ ቂጣ ይቆራረጣል፣ ዘይት ይነካል፣ ከቃሪያና ከቲማቲም ስልስ ጋር ምጣድ ላይ ይታሻል፣ ከላዩ አይብ ወይም እንቁላል ጣል ይደረግበታል። አለቀ። ይህን ለአንዲት የቆቦ እናት ስነግራቸው እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ «ታዲያ ይኼማ ፍርፍር ነው ልጄ! ለፍርፍር ነው ይሄን ሁሉ ስም ያወጡለት?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ፍርፍር ነው። ደግሞም ነገሩ ከአዲስ አበባ ሰው ይልቅ ለቆቦ ሰው ይበልጥ ይገባዋል። አዲስ አበባ ላይ ፍርፍር የአምሮት ጉዳይ ነው፤ የጤፍ እንጀራ አንድ ሁለት ቀን ቢያድርም ልስላሴው ቶሎ አይለቀውም። ከዞብል ተራራ ሥር የተዘረጋው የራያ ቆላ ግን የማሽላ አገር ነው። የማሽላ እንጀራ ትኩሱን ሲበሉት ልብ ያርሳል፤ ሲያድር ግን ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ወጥ ላጥቅስበት ሲሉት እጅ ላይ ይበተናል። ስለዚህ ጠዋት ማጀት ውስጥ መላ ይፈለጋል። በበርበሬ ስልስ ይፈረፈራል፤ ላም ያላት በወተት ወይም በእርጎ ትፈተፍተዋለች። የሜክሲኮ ባለሙያ ሴቶችም የገጠማቸው ይኸው ነው፤ የበቆሎ ቂጣ ሲያድር ይደርቃል። በመካከላቸው ውቅያኖስ ያለ ሁለት አገሮች አንድ ችግር ገጠማቸውና አንድ መላ መቱ። ማንም ከማንም አልተማረም።

መላው የየራሳቸው ይሁን እንጂ፣ ትሪው ላይ ያለው ዕቃ ግን ከአንድ ቤት የወጣ ነው። እስኪ ቁርሳችንን እንፈትሸው። በርበሬውም፣ ቃሪያውም፣ ሚጥሚጣውም፣ ቲማቲሙም ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸው። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ያንን ምድር ከመርገጡ በፊት በኢትዮጵያ አንድም ሰው በርበሬ አላቃጠለውም። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዛሬ «የጥንት የጠዋት» የምንለውን ቀይ ወጥ ሳይቀምሱ ነው ያረፉት። ጥምዝና ዝንጅብል ኖሯቸው ይሆናል፤ በርበሬ ግን አልነበራቸውም። በቆሎም ከ9 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት በደቡባዊ ሜክሲኮ ከአንድ የዱር ሣር የተገኘ እህል ነው።

አያቶቻችን እንግዳ ተክል ሲመጣባቸው ፓስፖርቱን የሚመቱት በስሙ ላይ ነበር። «ባሕር» ይሉታል። በቆሎን የባሕር ማሽላ አሉት። በለስን የባሕር ቁልቋል አሉት። ከአውስትራሊያ የመጣውንም ባሕር ዛፍ አሉት። የትኛው ባሕር እንደሆነ አልተጨነቁም፤ ከባሕር ማዶ መሆኑ በቂያቸው ነበር። በርበሬ ግን ይህ ማኅተም አልተመታበትም። ቶሎ የቤት ልጅ ሆነ። ለምን ቢባል፣ የእኛ እናቶች ለበርበሬ የራሳቸውን ማጀት ስለሠሩለት ይመስለኛል። ቀንጥሰው፣ ወቅጠው፣ በነጭ ሽንኩርትና በኮረሪማ አሽተው፣ አስጥተው፣ አስፈጭተው ሌላ ነገር አደረጉት። የሜክሲኮ ሰው የእኛን በርበሬ ቢቀምስ ዘመዱ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ የሚወስድበት ይመስለኛል።

ከሜክሲኮ ጋር በአደባባይ የምንተዋወቀው በሌላ ነው። ጣሊያን አገራችንን ስትወር ወረራውን ካልተቀበሉ ጥቂት መንግሥታት አንዱ የሜክሲኮ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 ሜክሲኮን ጎብኝተዋል። እኛ ሜክሲኮ አደባባይ አለን፤ እነሱም በዋና ከተማቸው ኢትዮጵያ የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የተከፈተ፣ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። አደባባይ ለአደባባይ እንዲህ ተከባብረናል። ማጀት ለማጀት ግን አልተገናኘንም።

ያልተገናኘንበት ዋጋ አለው። የሜክሲኮ ሴት በቆሎን ዝም ብላ አታስፈጭም። በኖራ ውሃ ትቀቅለዋለች፣ እዚያው ታሳድረዋለች፣ ጠዋት ገለባውን አሽታ ታጥብና እርጥቡን ትፈጨዋለች። ይህ ጣጣ ለጣዕም ብቻ አይደለም። በበቆሎ ውስጥ ተቆልፎ የሚኖረውን ናያሲን የተባለ ቫይታሚን የሚከፍተው ኖራው ነው። አውሮፓውያን ዘሩን ወሰዱ፣ ኖራውን «የኋላ ቀር ሥራ» ነው ብለው ሳይሆን አይቀርም ተዉት። ከዚያ በኋላ በበቆሎ ብቻ የሚኖረው የስፔንና የጣሊያን ገበሬ ቆዳው ይላጥ፣ ሆዱ ይታወክ፣ አእምሮው ይቃወስ ጀመር። ፔላግራ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ብዙ ሺህ ሰው ገድሏል። እ.ኤ.አ. በ1990 እንኳ በማላዊ ተጠልለው በእርዳታ በቆሎ ይኖሩ ከነበሩ የሞዛምቢክ ስደተኞች ከ18 ሺህ በላይ የሚሆኑት ታመዋል። ዘሩ ተሻገረ፤ ማጀቱ ቀረ። እኛን ሽሯችንና ምስራችን ሳይሸፍነን አልቀረም።

እኔ ቤቴ ሞክሬዋለሁ። ለግንባታ የሚሸጠውን ኖራ ምግብ ውስጥ መጨመር ስላልደፈርኩ የአመድ ውሃ መረጥኩ፤ አመድ እነሱም ዘንድ የታወቀ ነው። የተነፋ የእንጨት አመድ በውሃ በጥብጬ አጠለልኩ፣ በጠለለው ውሃ 1 ኪሎ ነጭ በቆሎ ቀቀልኩ፣ አሳደርኩት። ጠዋት ገለባው በእጅ ሲታሽ እንደ ተቀቀለ ባቄላ ልጥ ልጥ አለ። አምስት ጊዜ አጥቤ አስፈጨሁት። የጨረቃ ያህል ክብ አልወጣልኝም፤ ግን ያለ እርሾ የተጋገረው ያ ቂጣ ሳይሰነጠቅ ተጠቀለለ። የበቆሎ ቂጣ የጋገረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በማግስቱ ደርቆ ሲገኝ ተፈረፈረ። በቃ፣ ቺላኪሌስ።

በለስ ደግሞ ይብሳል። በራያና በትግራይ ፍሬውን በክረምት እንበላለን፤ ቅጠሉ፣ ያ እንደ መዳፍ የተዘረጋው አረንጓዴ፣ ለአጥርና ለከብት ነው። ሜክሲኮዎች ግን ለጋውን ቅጠል እሾሁን በቢላ ይፍቁታል፣ ይከትፉታል፣ ልጋጉ እንዲወጣ ቀቅለው ያጥቡታል፣ ከእንቁላል ጋር ይጠብሱታል። ቁርስ ነው። ባንዲራቸው ላይ ንስሩ የቆመው በዚሁ ተክል ላይ ነው። በለሱን የሚመጥ ኮቺኒያል የተባለ ትንሽ ተባይ አላቸው፤ ከእሱ ቀይ ቀለም ያወጣሉ፣ እስፓኞች በዘመናቸው ከብር ቀጥሎ የከበሩበት እሱ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ይኸው ተባይ ለቀለም ተብሎ ወደ ትግራይ መጣ። ለቃሚው ሲቀዘቅዝ ተባዩ ተስፋፋ፤ ራያ ዓዘቦን በመሰሉ የደቡብ ትግራይ ወረዳዎች በለሱን ፈጀው። ተክሉ መጣ፣ ተባዩም ተከትሎ መጣ፤ ቅጠሉን የሚጠብሰው መጥበሻ ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው።

የሌላውን ካልን የራሳችንንም እንበል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲንግና አክስቴል ከዓለም የተሰበሰቡ 9 ሺህ ያህል የማሽላ ዓይነቶችን መርምረው ሁለቱን ነጥለው አወጡ። ማሽላ የሚጎድለው ላይሲን የተባለ ገንቢ ንጥረ ነገር በሁለቱ ውስጥ ከሌሎቹ እጅግ በልጦ ተገኘ። ሁለቱም ዘሮች የተሰበሰቡት ከኢትዮጵያ ነው፤ ከወሎ። ዓመቱን ልብ ይሏል። ያኔ ወሎ በረሃብ ይረግፍ ነበር።

የወሎ ገበሬ ላይሲን የሚባል ነገር አያውቅም፤ ለእነዚህ ማሽላዎች ያወጣላቸው ስም ግን አለ። አንዱን «ወተት በጉንጬ»፣ ሌላውን «ማርጩቄ» ይለዋል። ተመራማሪው በቤተ ሙከራ የደረሰበትን እሱ በምላሱ ደርሶበታል። በበቆሎም ተመሳሳይ ዘር ተገኝቶ ነበር፤ ሜክሲኮ ያለው ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል ለዓመታት ሠራበትና ጠንካራ ፍሬ ያለው አደረገው፤ ሥራውን የመሩት ቪዬጋስና ቫሳል እ.ኤ.አ. በ2000 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለሙ። በማግስቱ ዓመት ኢትዮጵያ ቢኤችኪውፒ 542 የተባለውን የዚህን በቆሎ ዝርያ ለገበሬ ለቀቀች። የወሎው ማሽላ ግን ፍሬው የተጨማደደ፣ ምርቱ ያነሰ ስለነበር ለወፍጮ አይሆንም ተብሎ ከመዝገብ ብዙም አልራቀም።

ለወፍጮማ መች ተዘራና! ገበሬው ከሌላው ማሽላ ጋር አሰባጥሮ ጥቂት ጥቂት ነው የሚዘራው። እሸቱ ደርሶ ገና ሳይደርቅ ዘለላው ይቆረጣል፣ እሳት ላይ ይጠበሳል፣ ሰፌድ ላይ ይታሻል። ገለባው እፍ ይባልና ትኩሱ ለልጆች በእፍኝ በእፍኝ ይታደላል።