ስስ ልባስ፣ ሙቀትና ውሃ፤ የፀሐይ ሴል ታሪክ ከደጋው አገር ሲታይ

እንጅባራ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህም ውሃው ገና 91 ወይም 92 ዲግሪ ላይ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። ዝቅ ብላ በምትገኘው በዳንግላ ደግሞ ወደ 93 ዲግሪ ይጠጋል። የአዊ እናቶች ባቄላ ሲቀቅሉ ድስቱ ከቆላው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ከእሳት ላይ እንደሚቆይ የፊዚክስ መጽሐፍ ሳይገልጡ ያውቁታል። ይኸው የወጥ ቤት እውነት ግን ከምድጃው አልፎ፣ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ስስ የሴሚኮንዳክተር ልባሶች ከሚሠሩበት የላቦራቶሪ ብርጭቆ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ይገኛል።

ሴሚኮንዳክተር እንደ መዳብ ኤሌክትሪክን በነፃ የማያሳልፍ፣ እንደ መስታወትም ፈጽሞ የማያግድ ንጥረ ነገር ነው። ብርሃን ሲያርፍበት በውስጡ ታስረው የነበሩ ኤሌክትሮኖች ይለቀቃሉ፤ እነዚህን ኤሌክትሮኖች በአንድ አቅጣጫ ለመንዳት የተበጀው መሣሪያ የፀሐይ ሴል ይባላል። ብርሃንን አብዝቶ የሚመጥ ሴሚኮንዳክተር ከተገኘ ከራስ ፀጉር ሃያ እጅ የሚቀጥን ልባስ እንኳ ሥራውን ሊያከናውን ይችላል። ችግሩ ልባሱን በማግኘት ላይ ሳይሆን እንዴት እንደሚለብስ በመወሰን ላይ ነው፤ አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር፣ በአንድ ዓይነት መስታወት ላይ፣ በተለያየ ሙቀት ወይም ፍጥነት ቢለብስ የሚገኘው ውጤት የተለያየ ነውና።

ይህ ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ የታየ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ፍሪትስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1883 (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) ሴሌኒየም የተባለውን ንጥረ ነገር በብረት ሰሌዳ ላይ አልብሶ፣ በላዩም ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ የወርቅ ቅጠል ደረበበት። ሴሉ ከተቀበለው የብርሃን ኃይል ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠው አንድ በመቶ እንኳ የማይሞላ ነበር። ሴሌኒየሙ ቀልጦ በቶሎ ከቀዘቀዘ መስታወት መሰል ሆኖ ይቀራል፤ በልክ ሞቆ ሲቆይ ግን ወደ ግራጫ ክሪስታል ይለወጣል፤ ይኸኛውም ለብርሃን ምላሽ ይሰጣል። ፍሪትስ ከሰሌዳዎቹ አንዱን ወደ በርሊን ለቨርነር ዚመንስ ልኮለት ነበር፤ ዚመንስም በፕሩሲያ አካዳሚ ፊት አቀረበው። በተከታዩ ዓመት፣ በ1884፣ የአየርላንዱ ኬሚስት ኤመርሰን ሬይኖልድስ ታዮዩሪያ ከተባለ ውህድ ጋር በተደባለቀ የእርሳስ ጨው ውስጥ በመስታወት ላይ የሚያብረቀርቅ የሌድ ሰልፋይድ ልባስ ማግኘቱን ጻፈ። የእርሱ ዘዴ አየር የተመጠጠበት ክፍል አይጠይቅም፤ ብርጭቆ፣ ውሃና ትዕግሥት ይበቁታል። የዚህ ቀላል ብልሃት ከፀሐይ ሴል ጋር መገናኘት ግን ብዙ ዘመን ፈጀ።

በ1954 በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ሠራተኞች 6 በመቶ የሚደርስ የሲሊኮን ሴል ሠሩ፤ በዚያው ዓመት የካድሚየም ሰልፋይድ ሴልም ተገለጠ። ሁለቱም ውድ ነበሩና የሰፊው ሕዝብ ዕቃ አልሆኑም። ነገሩን ያፋጠነው የ1973 የነዳጅ ቀውስ ነው። የቤንዚን ዋጋ መወደድ በኢትዮጵያ ምን እንዳስከተለ የየካቲት 1974ን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች አድማ የሚያስታውስ ሁሉ ያውቀዋል፤ በበለጸጉት አገሮች ደግሞ ገንዘብ ወደ ፀሐይ ምርምር እንዲጎርፍ ምክንያት ሆነ።

ከዚህ በኋላ የመጣው የሲሊኮን ስስ ልባስ ታሪክ የሙቀት መጠንን ነገር ከሌላው ሁሉ ይልቅ ያስረዳል። ስፒርና ለኮምበር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በስኮትላንድ በዳንዲ ዩኒቨርሲቲ በ1975 ክሪስታል ያልሆነውን ሲሊኮን እንደ ፈቃዳቸው የኤሌክትሪክ ጠባዩን መለወጥ እንደሚቻል አሳዩ፤ በተከታዩ ዓመት ካርልሰንና ሮንስኪ በአር ሲ ኤ ላቦራቶሪ 2.4 በመቶ የሚሰጥ ሴል ሠሩበት። ልባሱ የሚሠራው ሲሊኮንና ሃይድሮጅን የያዘ ጋዝ በኤሌክትሪክ ሲበተን ነው። የሚለብሰው ሰሌዳ ሙቀት ወደ 250 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ሃይድሮጅኑ በልኩ ይቀራል፤ ያልተያያዙትንም የአተሞች ጫፎች ይዘጋቸዋል። ከዚያ በታች ከሆነ ሃይድሮጅን ይበዛና ልባሱ ልል ይሆናል፤ ከዚያ እጅግ በላይ ከሆነ ሃይድሮጅኑ አምልጦ ክፍቶቹ ጫፎች ኤሌክትሮኖችን ያጠምዳሉ። ሆኖም ደስታው ሙሉ አልነበረም፤ በ1977 ስቴብለርና ሮንስኪ ልባሱ ራሱ በብርሃን ሲመታ እየደከመ እንደሚሄድ ደረሱበት።

የሬይኖልድስ መንገድ ዋጋውን ያገኘው ዘግይቶ ነው። በ1993 በደቡብ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ 15.8 በመቶ የደረሰው የካድሚየም ቴሉራይድ ሴል ብርሃን የሚገባበትን መስኮት ያገኘው ከውሃ ውስጥ በለበሰ ካድሚየም ሰልፋይድ ነበር። በብርጭቆው ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። አሞንያ የካድሚየሙን አዮኖች ይዞ ቀስ በቀስ ይለቃቸዋል፤ ታዮዩሪያው ደግሞ ሰልፋይዱን ይሰጣል። ሁለቱ በዝግታ ሲመጡ በመስታወቱ ገጽ ላይ ተገናኝተው ጥብቅና ጥርት ያለ ልባስ ይሆናሉ። ሙቀቱ ሲበዛ ወይም አሞንያው ሲያንስ ግን እዚያው ውሃው ውስጥ ይገናኙና ዱቄት ሆነው መስታወቱ ላይ ይረግፋሉ፤ እንዲህ ያለው ልባስ በጣት ሲነካ ይለቅቃል።

እንግዲህ በባሕር ጠረፍ የተጻፈ የአሠራር መመሪያ «85 ዲግሪ» ቢል ከመፍላት 15 ዲግሪ ዝቅ ማለቱ ነው። በእንጅባራ ግን ይኸው 85 ዲግሪ ከመፍያው የሚርቀው 6 ወይም 7 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ውሃው በቶሎ ይተንናል፤ አሞንያውም ከክፍት ብርጭቆ ፈጥኖ ያመልጣል። ስለዚህ በደጋ አገር የሚሠራ ሰው ብርጭቆውን መክደን፣ ሙቀቱን ዝቅ አድርጎ ጊዜውን ማስረዘም፣ የአሞንያውንም መጠን እንደ አገሩ መመጠን ይኖርበታል። መብራት በመካከል ቢጠፋ ደግሞ ልባሱ በግማሽ ቀርቶ ይቀዘቅዛል፤ እንደገና ቢሞቅም የመጀመሪያው አይሆንም። በፋግታ ለኮማ ከዲከረንስ ዛፍ ከሰል የሚያከስል ገበሬ ከአፈሩ ሥር የሚገባውን አየር በቀዳዳ የሚቆጣጠርበት ጥንቃቄ ከዚህ እጅግም የራቀ አይደለም።

በኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስስ ልባስ ጥናት በፖሊመር ረገድ ተካሂዷል። ተከተል ዮሐንስ ከስዊድናዊው ኦሌ ኢንጋኔስ ጋር በ1998 የፖሊመር ፎቶኤሌክትሮኬሚካል ጥናት አሳተመ፤ በ2006 ደግሞ ወንድማገኝ ማሞና ሽመልስ አድማሴ ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር የቀይ ዳር ብርሃንን የሚመጥ አዲስ ፖሊመር ሴል ለዓለም አቀረቡ። በፖሊመርም ቢሆን የማልበሱ ሁኔታ ወሳኝ ነው፤ በ2001 በኦስትሪያ በሊንዝ ከተማ የተደረገ ሥራ ማሟሚያውን ከቶሉዊን ወደ ክሎሮቤንዚን በመለወጥ ብቻ ውጤቱን ከ0.9 ወደ 2.5 በመቶ ከፍ አድርጎታል። በውሃ መንከር ዘዴ ደግሞ ፈቃዱ ጋሻው ሆኔና ጋናዊው ፍራንሲስ ኮፊ አምፖንግ የመንከሪያው ሙቀት በሌድ ሴሌናይድ ልባስ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ መርምረው በ2016 አሳትመዋል።

እንዲህ ያሉ ጥናቶች በአፍሪካና በእስያ ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት ይወጣሉ፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የቫኪዩም መሣሪያ ውድ ሲሆን ብርጭቆና ማሞቂያ ርካሽ ናቸው። ይሁን እንጂ አንዱ ሙቀቱን፣ ሌላው ጊዜውን፣ ሦስተኛው የአሲድ መጠኑን ለብቻው እየለዋወጠ ልባሱን ከለካ በኋላ ወደ ሴልነት ሳያደርሰው የሚተወው ይበዛል። ልባሱ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ከሌላ ልባስ ጋር ተጣምሮ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ነው እንጂ በመለኪያ መሣሪያ ሥር ሳለ አይደለም። በ1985 በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በአንዲት መንደር 300 ያህል ቤተ ሰቦችን ያበራው 10.5 ኪሎዋት ተከላ፣ ኋላም በሰሜን ሸዋ በሬማ መንደር በየጣራው የወጡት ሰሌዳዎች፣ ሴሎቻቸው ከውጭ አገር የመጡ ነበሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ከጥናቶቹ ጽሑፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ከመንከሪያው ውስጥ መስታወቱ ላይ የሚለብሰው ካድሚየም ጥቂቱ ብቻ ነው፤ የቀረው እዚያው ውሃ ውስጥ ይቆያል። ካድሚየም በኩላሊትና በአጥንት ላይ ጉዳት የሚያደርስ መርዝ ነው። አዊ ደግሞ ምንጩ የበዛና ወንዞቹ ወደ ዓባይ የሚወርዱ አገር ነው። ስለዚህ ቀሪው ፈሳሽ ወደ ቦይ አይደፋም፤ ሰልፋይድ ተጨምሮበት ካድሚየሙ እንደ ቢጫ ዝቃጭ እስኪወርድ ይጠበቃል፤ ውሃው ተለይቶ ይመረመራል፤ ዝቃጩም ደርቆ በታሸገ ዕቃ ይቀመጣል። ይህ ሥራ ልባሱን ከማልበስ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል።