ወባን በትንኝ መከተብ

በኔዘርላንድስ ላይደን 20 ፈቃደኞች እጃቸውን ለ50 ትንኞች ዘረጉ፤ ያውም በ28 ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ። 17ቱን የነከሱት ትንኞች በምራቃቸው ሕያው ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም ይዘዋል፤ ተሕዋሱ ግን ዘረ-መሉ ተቆርጦ ስለተዳከመ በሽታ አያመጣም። ሦስቱን የነከሷቸው ምንም አልያዙም።

ቁም ነገሩ ያለው ጉበት ላይ ነው። የወባ ተሕዋስ ሰው አካል ከገባ በኋላ ጉበት ውስጥ ሰባት ቀን ያህል ይራባል፤ የሚያንቀጠቅጠው ትኩሳት የሚመጣው ከዚያ ወጥቶ ቀይ የደም ሴሎችን ሲወር ነው። በሙከራው ከዋሉት ሁለት የተዳከሙ ዝርያዎች ጂኤ1 ጉበት ውስጥ በ24 ሰዓት ገደማ ዕድገቱ ሲገታ፣ ጂኤ2 እስከ ስድስተኛው ቀን ይዘልቃል። በኋላ ሁሉም ሆን ተብሎ ባልተዳከመ ወባ ሲፈተኑ ጂኤ2 ከወሰዱት 9 ሰዎች 8ቱ ሳይያዙ ቀሩ። ጂኤ1 ከወሰዱት 8 ያመለጠው አንድ ብቻ ነው፤ ካልተከተቡት 3 አንድም አላመለጠም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ታተመ። አምስት ቀን ገደማ ልዩነት ይህን ያህል ለውጥ ማምጣቱ ያስገርማል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሩት ኑሰንዝዋይግ በ1967 በጨረር የተዳከመ ተሕዋስ አይጦችን ከወባ እንደሚከላከል አሳይታለች። በሰው ላይ ሲሞከር ግን አስተማማኝ መከላከያ ለማግኘት ከ1,000 በላይ ንክሻ አስፈለገ፤ ማን ይችለዋል? በ2022 ይፋ በሆነው የሲያትል ሙከራ ደግሞ በየዙሩ 200 ያህል ትንኞች ነከሱ፤ ከተፈተኑት 14 ሰዎች ግማሾቹ ብቻ ዳኑ።

በየመንደሩ እየበረረች የምትከትብ ትንኝስ? ጃፓናዊው ሺገቶ ዮሺዳና ባልደረቦቹ በ2010 የሌሽማንያሲስ ክትባት በምራቋ የምታመነጭ ትንኝ ፈጥረው አይጦች ላይ ፀረ እንግዳ አካል አስገኝተዋል። ለሰው ግን አይሆንም፤ ማን ስንቴ እንደተነከሰ አይታወቅም፣ ፈቃድም የሚጠየቅበት መንገድ የለም።

ስለዚህ ትንኟ ለጊዜው የቤተ ሙከራ መርፌ ናት። ትንኟን በሌላ ዘዴ ሊተካ የተነሳው የሜሪላንዱ ሳናሪያ ኩባንያ ነው፤ የትንኞችን የምራቅ ዕጢ እያወጣ፣ ተሕዋሱን አጣርቶ በፈሳሽ ናይትሮጅን ያስቀምጣል። መብራት በሚቆራረጥበት የገጠር ጤና ጣቢያ ፈሳሽ ናይትሮጅንን ማን እንደሚያደርስ ገና መልስ ይጠብቃል።